ኖትጌልት ምንድን ነው?

ኖትጌልት የጀርመንኛ ቃል ነው። «ኖት» ችግር፣ «ጌልት» ገንዘብ ነው፤ ሲገጣጠሙ የችግር ጊዜ ገንዘብ ማለት ይሆናል። ማዕከላዊው ባንክ፣ ራይሽስባንክ፣ ለገበያው ማዳረስ ሲያቅተው ማዘጋጃ ቤቶች፣ የቁጠባ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና የማዕድን ኩባንያዎች በራሳቸው ስም ያወጡት ምትክ ገንዘብ ነው። ዘመኑ ከ1914 እስከ 1924 ይደርሳል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)።

ዜሮ የበዛበትን የጀርመን ወረቀት ሁሉ ኖትጌልት ብሎ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። ወረቀቱ ላይ «ራይሽስባንክኖተ» የሚል ከተጻፈ የመንግሥት ገንዘብ ነው። የከተማ፣ የወረዳ ወይም የድርጅት ስም ካለበት፣ ወይም «ጉትሻይን» ማለትም የክፍያ ሰነድ ከተባለ፣ ያ ኖትጌልት ነው። ሁለቱም አብረው ይሰበሰባሉ፤ ዋጋቸው የሚገመተው ግን በተለያየ መንገድ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ጽሑፍ በአሮጌው የጀርመን የፊደል ቅርጽ የታተመ ነው፤ በዚህ ቅርጽ «ስ» የሚሰማው ፊደል «ፍ»ን፣ «ክ» የሚሰማው «ት»ን ይመስላል። የከተማ ስም አሳስቶ ማንበብና ወረቀቱን በሌላ ቦታ መመዝገብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ከዋጋ ዝርዝር በፊት አንድ ነገር ይያዝ፦ በጊዜው ዋጋውን የከፈለ ገንዘብ ዛሬ ብርቅ ነው፤ ሳይከፍል የከሸፈው ግን ሞልቷል። ባለቤቱ ወስዶ በደህና ገንዘብ የለወጠው ወረቀት ወደ አውጪው ተመልሶ ተቃጥሏል ወይም ተፈጭቷል። ማንም የማይቀበለው ሆኖ እጅ ላይ የቀረው ደግሞ በመሳቢያና በመጽሐፍ ገጾች መካከል እስከ ዛሬ ቆይቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ ጋር ሲያያዝ ይገባል።

በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲጀመር ራይሽስባንክ ወረቀትን በወርቅ መለወጥ አቆመ። ሕዝቡም የወርቅና የብር ሳንቲሙን ሸሸገ። በእኛ ቋንቋ «ብር» ማዕድኑም ገንዘቡም ስለሆነ ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ ቶሎ ይገባል፤ ወረቀቱ ሲያጠራጥር ሰው የሚይዘው ማዕድኑን ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ገበያው ዝርዝር አጣ፤ በተለይ በምሥራቅና በምዕራብ ድንበር አካባቢ ያሉ ከተሞችና ድርጅቶች ትናንሽ ወረቀቶችን አትመው፣ ማኅተም መትተው፣ ፈርመው አወጡ። ብዙዎቹ ተራ ካርቶን ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹ በጽሕፈት መኪና የተጻፉ ናቸው። ዝርዝሩ ሲመለስ አውጪዎቹ ቃላቸውን ጠብቀው ሰበሰቧቸው። ለዚህ ነው መልካቸው የማይስበው የ1914 ወረቀቶች በዋጋ ከኋለኞቹ ቆንጆዎች የሚበልጡት። ብዙዎቹ በቀዳዳ፣ በቆረጣ ወይም «ኤንትቬርተት» (ዋጋው ተሽሯል) በሚል ማኅተም ተሰርዘው ይገኛሉ። ይህ ጉድለት ሳይሆን መከፈሉን የሚያሳይ ምስክር ነው፤ ያልተሰረዘው ግን በብዙ እጥፍ ሊወደድ ይችላል።

ጦርነቱ ሲረዝም መዳብና ኒኬል ለጦር መሣሪያ ተፈለጉ። መንግሥት 5 እና 10 ፕፌኒግን (ፕፌኒግ የማርክ መቶኛ ነው) ከብረት፣ 10 ፕፌኒግን ከ1917 ጀምሮ ከዚንክም፣ 1 ፕፌኒግን ከ1916 እስከ 1918 ከአሉሚኒየም ቀጠቀጠ። ከተሞችም ተከትለው የራሳቸውን የብረትና የዚንክ ሳንቲሞች አወጡ። ብረቱን ከዚንክ ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል፦ ብረት ይሳባል፣ ዚንክ አይሳብም። ዚንክ እርጥበት ሲያገኝ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ብረት ይዝጋል። ዱቄቱን ወይም ዝገቱን በአሲድ ወይም በጥርስ ሳሙና የሚያጸዳ ሰው የሳንቲሙን የላይኛ ገጽ አብሮ ይልጠዋል፤ የተፈተገ ሳንቲም ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል።

ከ1920 እስከ 1922 ነገሩ መልኩን ቀየረ። ከተሞች ሰብሳቢዎች መኖራቸውን አዩና ለእነሱ ብለው ማተም ጀመሩ። «ሴሪየንሻይነ» ይባላሉ፤ በተከታታይ የሚወጡ፣ ባለ ብዙ ቀለም ትናንሽ ወረቀቶች ናቸው። ሃሜልን የአይጥ አዳኙን ተረት አተመች፤ ሌሎቹም ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ አፈ ታሪካቸውን፣ የገበያቸውን ገጽታ ሳሉ። አንዱ ስብስብ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ወረቀት ይኖረዋል። ከተማዋ የምታተርፈው ወረቀቱ ተመልሶ ስለማይመጣ ነው፤ የሚገዛው ሰው አልበሙ ውስጥ ያስገባዋል። እንዲያውም አንዳንዶቹ የሚያበቁበት ቀን በጣም አጭር ነበር። በጁላይ 1922 በሕግ ተከለከሉ። እነዚህ ዛሬ በብዛትና በጥሩ ይዞታ ይገኛሉ፤ ለጀማሪ ዓይን መክፈቻ የሚሆኑ፣ ርካሽና ውብ ናቸው። ግን እንደ ብርቅዬ ገንዘብ የሚሸጥልዎትን አይመኑ፤ ሙሉ ስብስብ በጥቂት ዩሮ ይገኛል። አንድ ስብስብ ሲገዙ ግን ሁሉም ወረቀት መኖሩን፣ የተከታታይ ቁጥሩ ቀለምና ዓይነት አንድ መሆኑን ይዩ፤ ከተለያየ ኅትመት የተገጣጠሙ ስብስቦች ብዙ ናቸው።

በዚሁ ጊዜ ያልተለመዱ ነገሮች ገንዘብ ሆኑ። በሳክሶኒ የሚገኘው የማይሰን ፖርሴሊን ፋብሪካ ከቡናማ ሸክላና ከነጭ ፖርሴሊን ሳንቲም ሠራ፤ የፋብሪካው ምልክት የሆነው የተሻገሩ ሁለት ሰይፎች ይታይበታል። የፖርሴሊን ሳንቲም አይዝግም፤ ጠርዙ ግን በቀላሉ ይሸረፋል፣ ስለዚህ ጠርዙን በጥፍር ዙሪያውን እየዳሰሱ መግዛት ነው። በቢለፌልት የከተማው የቁጠባ ባንክ በሐር፣ በሊነን እና በከፋይ ጨርቅ ላይ አተመ፤ ከተማዋ የሽመና ከተማ ነበረችና። የጨርቅ ገንዘብ ጠርዙ ሲተለተል ክሩን መቁረጥ ያስመኛል፤ መቁረጥ ግን መጠኑን ያሳንሰዋል፣ መልሶ ማስተካከልም አይቻልም።

ከዚያ 1923 መጣ። በጃንዋሪ ፈረንሳይና ቤልጂየም የሩር የድንጋይ ከሰል አካባቢን ያዙ። መንግሥት ይህን በመቃወም ሥራ ላቆሙት የሩር ሠራተኞች ደመወዝ የከፈለው ገንዘብ እያተመ ነበር። በጃንዋሪ በአማካይ ወደ 18,000 ማርክ የነበረው አንድ ዶላር በጁላይ ወደ 353,000 ወጣ፤ በኦገስት 4.6 ሚሊዮን፣ በሴፕቴምበር ወደ 99 ሚሊዮን፣ በኦክቶበር ወደ 25 ቢሊዮን ደረሰ። በኖቬምበር 20 ዶላሩ በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ ተቆረጠ፤ ከጦርነቱ በፊት 4.2 ማርክ ነበረ። የራይሽስባንክ ፕሬዚዳንት ሩዶልፍ ሃቨንሽታይን የሞተውም በዚያው ቀን ነው። ባንኩ ከ130 በላይ የግል ማተሚያ ቤቶችን አሰማርቶ እንኳ አልደረሰም፤ ከ5,000 በላይ አውጪዎች የየራሳቸውን ኖትጌልት በሚሊዮንና በቢሊዮን አተሙ። በቱሪንጊያ ግዛት ባንክ ስም የወጡትን የሚሊዮን ወረቀቶች ንድፍ የሠራው ባውሃውስ ከተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው ኸርበርት ባየር ነው፤ ያለ ጌጥ፣ በቁጥርና በፊደል ብቻ የተሠሩ በመሆናቸው ከሌሎቹ ወዲያው ይለያሉ።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጀርመንኛ «ሚሊያርደ» የእኛ ቢሊዮን ነው፤ በጀርመንኛ «ቢሊዮን» የተባለው ግን የእኛ ትሪሊዮን ነው። ወረቀቱ ላይ «አይነ ቢሊዮን ማርክ» ካለ 1 ተጽፎ አሥራ ሁለት ዜሮ ይከተለዋል። ቃሉን ብቻ አንብቦ የመዘገበ ሰው የወረቀቱን ዋጋ በሺህ እጥፍ ያሳንሳል። የተጻፈውን ቃል ከዜሮው ቁጥር ጋር ማስተያየት መለመድ አለበት፤ በተለይ ቁጥሩን አሳጥረው ቃሉን ብቻ በተጻፉት ላይ።

ታዲያ የትኛው ብርቅ ነው? በኖቬምበር 1923 አዲሱ ገንዘብ፣ ሬንተንማርክ፣ ሲወጣ አንዱ በ1 ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተለወጠ። ስለዚህ የሚሊዮንና የቢሊዮን ወረቀት ለመለወጥ የሚያደክም ቁራጭ ሆኖ ቤት ቀረ። የ15 ፌብሩዋሪ 1924 ቀን ያለበት የ100 ትሪሊዮን ወረቀት ግን 100 ሬንተንማርክ፣ ማለትም ወደ 24 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ማን ለማስታወሻ ያስቀምጣል? ሁሉም ለወጠው፤ የተረፈው በጣም ጥቂት ነው። በተመሳሳይ ምክንያት በ1923 መጨረሻ አንዳንድ ከተሞችና ድርጅቶች በወርቅ ማርክ ያወጧቸው ወረቀቶች ብርቅ ናቸው። 4.20 የወርቅ ማርክ አንድ ዶላር፣ 0.42 ደግሞ አሥር ሳንቲም ዶላር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጎዶሎ የሚመስል ቁጥር ያለበት ወረቀት ካገኙ ከዶላር ጋር የተያያዘ መሆኑን ይወቁና በጥንቃቄ ይዩት።

በራይሽስባንክ ወረቀቶች ላይ ቀኑ አታላይ ነው። የተጻፈው የመውጫ ቀን እንጂ የታተመበት ቀን አይደለም። 21 ኤፕሪል 1910 የሚለው የ1,000 ማርክ ወረቀት ከጦርነቱም በኋላ ለዓመታት ታትሟል፤ የሚለየው በማኅተሙና በቁጥሩ ቀለም ነው፣ ቀዩ የቀደመው፣ አረንጓዴው የኋለኛው። ሁለቱም በብዛት ይገኛሉ፤ የ1910 ወረቀት ስለሆነ ውድ ነው የሚለው አይሠራም። 15 ዲሴምበር 1922 የሚለው የ1,000 ማርክ ወረቀት ደግሞ በ1923 በቀይ «አይነ ሚሊያርደ ማርክ» ታትሞበት የቢሊዮን ወረቀት ሆኗል። ትልልቁ የ10,000 ማርክ የ1922 ወረቀት በቅጽል ስሙ የቫምፓየር ወረቀት ይባላል፤ የጀርመናዊው ሠዓሊ የዱረር ሥዕል ላይ በተመሠረተው የወጣት ፊት፣ አንገቱ ላይ ደም የሚመጥ ፍጡር ተደብቋል፣ ያም ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ የተጠየቀችውን የካሳ ክፍያ ይወክላል እየተባለ ይነገራል። ወረቀቱን ወደ ጎን አዙሮ ማየት ነው።

የ1923 ወረቀቶች ብዙዎቹ በአንድ በኩል ብቻ የታተሙ ናቸው። ይህ የጥድፊያ ምልክት ነው እንጂ የሐሰተኛነት አይደለም። እውነተኛው መለያ የውሃ ምልክቱ፣ ማለትም ወረቀቱ ውስጥ ያለው በብርሃን ብቻ የሚታይ ንድፍ፣ ነው። አንድ ዓይነት ወረቀት በብዙ የውሃ ምልክት ስለሚገኝ ካታሎጎች በዚያ ይከፋፍሉታል፤ ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፑል አንስቶ ንድፉን መሳል ይጠቅማል። ከዚህ ጋር የማተሚያ ቤቱን የሚያመለክቱ ትናንሽ ፊደሎችና የተከታታይ ቁጥሩ አሃዝ ብዛት ይመዘገባሉ። በዚህ ልዩነት ብቻ አንዱ ወረቀት ከሌላው ብዙ ሊወደድ ይችላል።

ሳንቲሞቹን ማወቅ ይቀላል። በ1923 የወጡት 200 ማርክ (1 ግራም፣ 23 ሚሊሜትር) እና 500 ማርክ (1.67 ግራም፣ 27 ሚሊሜትር) አሉሚኒየም ናቸው፤ እጅ ላይ ሲያርፉ የመቅለላቸው ነገር ያስገርማል። ከቁጥሩ አጠገብ የምትገኘው አንድ ፊደል ቀጥቃጩን ታሳያለች፦ የመጀመሪያው የላቲን ፊደል በርሊንን፣ አራተኛው ሙኒክን፣ ስድስተኛው ሽቱትጋርትን፣ ሰባተኛው ካርልስሩህን ያመለክታል። አንድ ዓይነት ሳንቲም ከሁሉም ቀጥቃጭ ማሟላት ለጀማሪ ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው። የዌስትፋሊያ ግዛት ያወጣው፣ 1923 የሚል ዓመት የተጻፈበት የ1 ትሪሊዮን ማርክ ትልቅ ሳንቲም ታዋቂ ነው፤ ከፍ ያለ የተጻፈ ዋጋ ቢኖረውም ለማስታወሻ የተሠራ ነበር፣ ገበያ ላይ ዳቦ አልገዛም።

ሐሰተኛው የሚበዛው ውድ በሆነው ላይ ነው፤ ለ10 እና ለ100 ትሪሊዮን ወረቀቶች ዘመናዊ ቅጂ በብዛት አለ። በማጉያ መነጽር ሲታይ የጥንቱ መስመር አይቆራረጥም፣ ዘመናዊው ቅጂ ግን በትናንሽ ባለቀለም ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ወረቀቱ በጣም ነጭ ከሆነና በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ካበራ ይጠርጠር፤ የዘመኑ ወረቀት ማብሪያ ኬሚካል አልነበረውም። ስለ ኅትመት ስህተት የሚወራውንም ከታመነ ገምጋሚ ሳያጣሩ አይግዙ።

አቀማመጡ ላይ ዋናው ጠላት «ፒቪሲ» የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ከጊዜ በኋላ አሲድ ያወጣል፣ ሳንቲም ላይ አረንጓዴ ቅባት ይተዋል፣ ወረቀቱንም ያጣብቃል። የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ኪስ ይጠይቁ፤ ሻጩ ስሙን ካልነገረ አይግዙ። የተቀደደን ወረቀት በፕላስተር መለጠፍ ቀዳዳውን ይሸፍናል፣ ግን ሙጫው ቡናማ ሆኖ ዘልቆ ይገባል። መተኮስ፣ ማጠብ፣ ማጥፊያ ላስቲክ ማሸት የሻካራውን ወረቀት ገጽ ያደቅቃሉ። ወረቀቶቹን ጨለማ በሆነ፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ በማይበልጥ ክፍል ያኑሩ።

ጀርመን ላለ አንባቢ የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ፍሎማርክት፣ ጥሩ መነሻ ነው። ሻጮች አልበሙን ሙሉውን በአንድ ዋጋ ሲያቀርቡ ብዙ ሴሪየንሻይነ መካከል አንድ የ1914 ካርቶን ወይም የወርቅ ማርክ ወረቀት ሊገኝ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት የሚያምሩትን ወደ ጎን ብለው ማኅተምና ፊርማ ያለባቸውን ተራ ወረቀቶች አንድ በአንድ ያገላብጡ።