«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ»፦ ለደጋሹ ብቻ የተነገረ ነውን?

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው አስቀድሞ ማለቅ የነበረበትን ነገር ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ለሚጀምር ሰው ነው። ፈተናው ነገ ሆኖ ደብተሩን ዛሬ ማታ የሚገልጥ ተማሪም፣ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ሲል መንገድ የሚጠግን መሥሪያ ቤትም ይተረትበታል። አባባሉ ሁለት ሐረግ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ወሬ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ሲሆን ወቀሳው ያለው በሁለቱ መካከል ባክኖ በቀረው ጊዜ ላይ ነው።

ምፀቱ በደንብ የሚገባው በርበሬ ሲሰናዳ ላየ ሰው ነው። የማረቆም ይሁን የሃላባ ዛላ ተገዝቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም ሴቶች ከበው ተቀምጠው ዛላውን አንድ በአንድ እያነሡ አናቱ ላይ ያለችውን እንጨት ይቀነጥሳሉ፤ አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሳታስበው ዓይኗን የነካችው ታለቅሳለች። የተቀነጠሰው በርበሬ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፣ ታምቆ ይሰነብታል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና በሶብላው ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ መቀንጠስ የሥራው መጀመሪያ ስለሆነ፣ ሠርገኛው ደጅ ቆሞ ሳለ በርበሬ የሚቀነጥስ ቤት ወጡን የሚያደርሰው ሠርገኛው ከተመለሰ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ሠርግ ደግሞ ድንገት የሚደርስ ነገር አይደለም። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ በጾም ስለማይደገስ፣ ብዙው ሠርግ ጥር 11 ቀን ከሚውለው ጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ወይም ከፋሲካ በኋላ ይሆናል፤ ቀኑ ተቆርጦ እያለ «አልደረሰልኝም» ማለት አያስኬድም።

እስከዚህ ድረስ ተወቃሹ ደጋሹ ነው። ይሁን እንጂ ደጋሽ ሊሰናዳ የሚችለው ለሚያውቀው እንግዳ ብቻ በመሆኑ፣ አባባሉ ለሠርገኛውም ድርሻ ያስቀረለት ይመስለኛል። በአገር ቤት ልማድ ሙሽራው ስንት አጃቢ ይዞ እንደሚመጣ በሽማግሌ በኩል አስቀድሞ ይነገር የነበረው በከንቱ አይደለም። ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው የጥሪ ካርዱ ነው፤ «ከነባለቤትዎ» የሚለው ቃል ሁለት ሰው ማለት እንጂ ከነጎረቤትና ከነጓደኛ ማለት አይደለም፣ ለሠርጉ መጠራትም ለመልሱ መጠራት አይደለም። መምጣት የማይችል ሰው አስቀድሞ ቢያስታውቅ ደግሞ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዝም ብሎ መቅረት ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ የመልስ ግብዣ ላይ ሳህን ለማቀበል ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር። ለሁለት ሰው የተላከ ካርድ የያዘ እንግዳ ሰባት ሆኖ ደረሰ። የሙሽራዪቱ እናት ደጅ ላይ «ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ ግቡ!» ብለው በፈገግታ ተቀብለው አስቀመጧቸውና ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ ጭልፋውን አንሥተው ድስቱን እያማሰሉ በለሆሳስ መቁጠር ጀመሩ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ስንትም ቢቆጥሩት አይበዛም። በርበሬው ከወር በፊት ተፈጭቶ ያለቀ ነበር፣ እንጀራውም በሞሰብ ሙሉ ነበር። አያትየው ከጥግ ካለው በርጩማ ላይ ሆነው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና «ሠርገኛ መጣ» ብለው ዝም አሉ፤ የቀረውን ሽንኩርት የሚከትፉት ልጆች እየሳቁ ጨረሱላቸው።