ዓይን ውስጥ የሚገባ ጋዝ ምንድን ነው?

አክስቴ አዲስ አበባ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ እንደወጣች መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ፋሲካ ነበር። ቤቷ ባሕር ዳር ነው፤ ለበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሐኪሙ ግን «እማማ፣ ዓይንዎ ውስጥ ጋዝ ስላለ አሁን መሄድ አይችሉም» አላት። ጋዝ ሲባል እሷ የመጣላት የኩራዙ ነው፤ ደነገጠች። እኛም ብንሆን አላወቅነውም።

ነገሩ ከሬቲና ይጀምራል። ሬቲና የዓይንን የውስጥ ጀርባ የሸፈነ፣ ብርሃን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። ከፊቱ ያለውን ቦታ ዝልግልግ ነገር ሞልቶታል። ዕድሜ ሲገፋ ዝልግልጉ እየቀጠነ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ሬቲናውን ጎትቶ ሊቀደው ይችላል። በቀዳዳው ፈሳሽ ይሰርጋል። ዝናብ የገባበት የጭቃ ቤት ልስን ከግድግዳው እንደሚለቅ ሁሉ ሬቲናውም ይላቀቃል።

ክፋቱ አያምም። አክስቴም የዘገየችው ለዚህ ነው። ጣና ዳር አመሻሽ ላይ የሚዞረው ትንኝ ዓይኗ ፊት ያለ መሰላት፤ ቤት ገብታም አልተዋትም። ቀጥሎ ከጎን እንደ መብረቅ ብልጭ ይልባት ጀመር። «ሞራ ይሆናል» አልን። ሞራ ግን በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። የተነሳነው ጥቁር መጋረጃ ሲወርድባት ነው። እባካችሁ እናንተ መጋረጃውን አትጠብቁ። እይታ በደንብ የሚተርፈው የሬቲናው መሀል ሳይላቀቅ ከተደረሰ ነው፤ ልዩነቱ የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ነው።

ሐኪሙ ዝልግልጉን በቀጭን መሣሪያ አውጥቶ ሬቲናውን ወደ ቦታው ይመልሳል። የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ ያጣብቃል። ይህ እስኪጠና ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ፈሳሽ በቀዳዳው እንዳይመለስ የሚከላከለው፣ ሐኪሙ በዝልግልጉ ቦታ የሚሞላው ጋዝ ነው። ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጋዙ ቀዳዳው ጋ እንዲያርፍ ጭንቅላትን በታዘዘው አኳኋን መያዝ ግድ ነው። አክስቴ ሳምንት ሙሉ ግንባሯን ትራስ ላይ ደፍታ ከረመች። ሾርባዋን በስትሮ ጠጣች። በጀርባ መተኛትም ክልክል ነበር። የኦፕራሲዮኑ ግማሽ የተሠራው ያን ሳምንት ነው ብል አላጋነንኩም።

መንገዱስ? ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝም ያብጣል። የዓይን ግፊት በድንገት ይጨምርና ሊያሳውር ይችላል። አውሮፕላን የተከለከለው ለዚህ ነው። «በአውቶቡስስ?» አልን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። መንገዱ ግን መጀመሪያ እንጦጦን ይወጣል፤ በኋላም ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን እንደገና ሽቅብ ነው። ሐኪሙ ይህንንም አልፈቀደም። በጋዝ ፋንታ የሲሊኮን ዘይት የሚደረግላቸው አሉ። ዘይቱ ከፍታ ላይ አያብጥም፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ኦፕራሲዮን መውጣት አለበት።

ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከ2 ሳምንት እስከ 2 ወር ቆይቶ በራሱ ይጠፋል። የአክስቴ ረጅሙ ነበር፤ ፋሲካ እኛ ጋ ዋለች። ጋዙ ሲቀንስ ከላይ በኩል ማየት ጀመረች፤ ከታች የሚወዛወዝ መስመር አለ። «ጣናን ዳር ቆሜ የማየው ይመስለኛል» ትል ነበር። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ አለ። መጨረሻ ላይ የቡና ፍሬ የምታክል ክብ ብቻ ቀረች። በጰራቅሊጦስ ሰሞን እሷም ጠፋች፤ ሐኪሙ አይቶ አሰናበታት። እይታዋ ገና እየጠራ ነው፤ ወራት ይወስዳል ተብላለች።