«ውል የለንም እኮ!» እና ሌሎች የአሠሪ ስህተቶች

ካፌ፣ ፀጉር ቤት ወይም ጋራዥ ከፍቶ አራት አምስት ሰው የሚያሠራን ሰው ስለ ሕጉ ጠይቁት። «እሱ የትልልቆቹ ነው» ይላችኋል። አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስንት ሠራተኛ አለህ ብሎ አይጠይቅም። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ብትቀጥሩም ይመለከታችኋል።

«ውል አልተፈራረምንም፣ ስለዚህ ምንም መብት የለውም።»
ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም በጽሑፍ ካልተደረገ፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን ጽፎና ፈርሞ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት ያለበት አሠሪው ነው። አሠሪው ይህን ባያደርግ የሠራተኛው መብት አይጎድልም። «ዘመዴ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» የሚሉም አሉ። ዘመድ ሲጣላ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

«ሦስት ወር ልሞክረው።»
የሙከራ ጊዜ በቃል የለም። በጽሑፍ ካልተስማማችሁ የሙከራ ሠራተኛ ልትሉት አትችሉም። ብትስማሙም ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው።

«የሠራበትን ከፍዬ አሰናብተዋለሁ፣ በቃ።»
ብዙ አሠሪ ፍርድ ቤት የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። በንዴት «ነገ እንዳትመጣ» ይላል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ማርፈድን ብንወስድ፣ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ወዲያውኑ ማሰናበት ይቻላል። ሁለት ቀን አርፍዶ የተባረረው ግን ከሶ ሊረታችሁ ይችላል። ጥፋቱን ይዞ ቂም መቋጠርም አያዋጣም። ካወቃችሁ 30 የሥራ ቀን ካለፈ፣ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አትችሉም።

የስንብት ማስጠንቀቂያ ቀድሞ መስጠት በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። ውሉ ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ሒሳብ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈላል። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ፣ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊያስጨምርባችሁ ይችላል።

«ካሸሯ ያጎደለችውን ከደሞዟ እቆርጣለሁ።»
የተሰበረው ብርጭቆም እንዲሁ ይቆረጣል፣ አይደል? ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች፣ ወይም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት)፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ አይቻልም። ቢፈቀድም ከወር ደሞዟ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም።

«ትርፍ ሰዓቱ ደሞዙ ውስጥ አለ።»
መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ቀን የተሠራ በአንድ ተኩል፣ በሳምንት የእረፍት ቀን በሁለት፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የፋሲካ ዕለት ክፍት የምታደርጉ ሰዎች ይህቺን አስታውሱ።

«ዓመት ፈቃዱን ተስማምተን አስቀርተነዋል።»
ፈቃድን ለመተው የሚደረግ ስምምነት ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው።

«ጡረታ አይቆረጥብኝ ያለው ራሱ ነው።»
እውነት ነው፣ ብዙ ሠራተኛ ብሩን በእጁ ይፈልጋል። ግን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በምርጫ አይደለም። 7 ከመቶው ከሠራተኛው ደሞዝ፣ 11 ከመቶው ከአሠሪው ኪስ ይወጣል። ሁለቱንም ገቢ የማድረግ ኃላፊነት የአሠሪው ነው። «ራሱ ነው የጠየቀኝ» የሚለው መልስ አያድንም።