ፍለድ ባዛልት ምንድን ነው? የደጋው ጥቁር ድንጋይ ከየት መጣ?

ጎንደር ሁን ጎጃም፣ ወሎ ሁን ሰሜን ሸዋ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ ካየኸው ድንጋዩ እርከን እርከን ሆኖ ነው የሚወርደው። ቀጥ ያለ ጥቁር ገደል፣ ከዛ ሳርና ቁጥቋጦ የያዘ ደልደል ያለ ቦታ፣ ከዛ ደግሞ ሌላ ገደል። ይሄ ሁሉ እላይ በላይ የተነጠፈ ላቫ፣ ማለት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ነው፣ አንዱ ፈስሶ ሲደርቅ ሌላው በላዩ ላይ እየመጣ የተከመረ። እንዲህ አገር ምድሩን ሸፍኖ የተኛ የላቫ ድርብርብ ነው ፍለድ ባዛልት የሚባለው።

ብዙዎቻችን እሳተ ገሞራ ሲባል ጫፉ ላይ ጉድጓድ ያለው እንደ ኤርታሌ ወይ እንደ ፈንታሌ ያለ ተራራ ነው የሚመጣብን፣ ፍለድ ባዛልት ግን ሌላ ነገር ነው። መሬቱ በረጅሙ ይሰነጠቅና ላቫው ከስንጥቁ ወጥቶ ሜዳ ሸለቆ ሳይል እየሞላ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ይሄን የሚያደርገው የባዛልት ላቫ (ጥቁሩን ድንጋይ የሚሠራው) ሲሊካው፣ ማለት አሸዋና መስታወት የሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ አነስ ስለሚል ነው፣ እንደ አጥሚት ቀጠን ይላል። ሪዮላይት የሚባለው ግን ሲሊካ ስለሚበዛበት ገንፎ ነው፣ ጋዙ ማምለጫ አጥቶ ይታፈንና ይፈነዳል፣ አመዱን ወደ ሰማይ ይበትነዋል። ሪዮላይቱን ያዙልኝ፣ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

የኛው የፈሰሰው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ሳይሸረሸር የቀረው ብቻ ወደ 600,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል፣ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ፍጥነቱ ነው፣ አብዛኛው በ1 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው የወጣው። በሰው ዕድሜ ካሰብነው ማለቂያ የለውም፣ በምድር ዕድሜ ግን በጣም አጭር ጊዜ ነው።

ምክንያቱ ከሥር የመጣ ሙቀት ነው። ከምድር ጥልቅ ክፍል፣ ከማንትል፣ ከተለመደው በላይ የጋለ አለት ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፣ የአፋር ፕሉም ይሉታል። ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስለት ይቀልጣል፣ የቀለጠው የምድርን ቅርፊት ሰንጥቆ ይወጣል፣ ያልወጣው ሙቀት ደግሞ መሬቱን ከታች ይገፋዋል። ደጋው ደጋ የሆነው በዚህ ነው፣ አንደኛ ላቫው ራሱ ተከምሮ፣ ሁለተኛ መሬቱ ከሥር ተገፍቶ። ያኔ ቀይ ባሕር አልተከፈተም ነበር፣ የየመን ደጋ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይም የዚሁ የኛው ላቫ ወንድም ነው፣ በኋላ መሬቱ ሲላቀቅ ነው ማዶ ለማዶ የቀሩት።

መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ገደል ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድንጋዩ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ላቫው ሲፈስ የነበሩት የጋዝ አረፋዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹን በኋላ ውሃ ይዞት የመጣ ነጭ ማዕድን ሞልቷቸዋል። በሁለት ጥቁር ንብርብር መሃል አንዳንዴ ቀይ መስመር ታያላችሁ፣ እሱ አፈር ነው! ላቫው ቆም ሲል ድንጋዩ ዝናብና ፀሐይ እየመታው አፈር ሆነ፣ ሣር ዛፉ በቀለበት፣ ከዛ የሚቀጥለው ላቫ መጥቶ ጠበሰው። ጭልጋ ላይ ደግሞ ከባዛልቱ በላይ በተኛው ደለል ውስጥ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንትና የዛፍ ቅሪት ተገኝቷል፣ ላቫው ከቆመ በኋላ አገሩ ተመልሶ ደን እንደለበሰ የሚያሳይ ነው።

ሰው ጠርቦ ያቆመው የሚመስለው 5 ወይ 6 ጎን ያለው የድንጋይ ምሰሶም እዚሁ ነው የሚገኘው፣ ላቫው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ቅዝቃዜውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ በቃ።

የሰሜን ተራሮችን ከዚህ ትንሽ ለየት አድርጋችሁ ያዙት። ሜዳው ከተነጠፈ በኋላ በላዩ ላይ ትልልቅ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች ተነሱ፣ ሰሜን ወዲያው 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ ጮቄ 22 ሚሊዮን ላይ፣ ጉና 11 ሚሊዮን አካባቢ። ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው ራስ ዳሸን የዛ የጥንቱ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፣ የቀረውን ዝናብና ወንዝ በልቶታል። የበላው አፈር ሆኖ ወርዷል፣ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት፣ ክረምት እግር የሚይዝ በጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አብዛኛው ከዚሁ ባዛልት የመጣ ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የተፈለፈሉት ቀዳዳ በበዛበትና ሙቅ ውሃ አልፎበት በለሰለሰ ባዛልት ውስጥ ነው፣ ለመፈልፈል የተመቸው ልስላሴ ዛሬ ዝናብ ሲያገኘው ቶሎ እንዲጎዳ አድርጎታል፣ ጥገናው ከባድ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ኦፓል። ወሎ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው ኦፓል ከባዛልቱ ሳይሆን ከሱ ጋር ተደራርቦ ካለው የሪዮላይት አመድ ነው የሚወጣው። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ በውሃ ተሟሙቶ ክፍተት ውስጥ ሲጠራቀም ኦፓል ይሆናል። ችግሩ ንብርብሩ በጣም ስስ ነው፣ ያውም ገደሉ ወገብ ላይ፣ ስለዚ ወጣቶቹ ወደ ጎን ዋሻ እየቆፈሩ ነው የሚገቡት፣ እየተናደ ስንት ሰው አልቋል። በላያቸው ያለው ድንጋይ በስንጥቅ የተሞላ እንደሆነና ዝናብ ሲገባበት እንደሚላቀቅ ነግሮ ድጋፍ የሚያሠራ ባለሙያ እዛው ቆፋሪዎቹ ዘንድ መዋል አለበት፣ ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ላቫው ምን ላይ እንደፈሰሰ ማየት የሚፈልግ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ዓባይ በረሃን ሲያቋርጥ መስኮት ጋ ይቀመጥ። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዛ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ ጂፕሰም፣ ታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ። ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይም ይሄው ነው፣ ባዛልቱ ከመምጣቱ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ ባሕር ሥር የተኛ።