ፒሲቪ የምትባለው ቫልቭ ሥራዋ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ የድሮ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ቦሎ ሲደርስ ስለ ጭስ ይጨነቃል። ሁሉም የሚያየው ማርሚታውን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ፒሲቪ የምትባለውን ትንሽ ቫልቭ እዩልኝ እላለሁ።

ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ በፒስተኑ ጎን አምልጦ ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል። በጥንቶቹ መኪኖች በቱቦ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። ፒሲቪ ግን ወደ ሞተሩ መልሳ ታስገባዋለች፤ እዚያው ይቃጠላል። ስትደፈን ግፊቱ መውጫ ያጣል፤ ዘይቱም በጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ መገጣጠሚያዎች መሃል ባለው ማሸጊያ) በኩል ማላብ ይጀምራል፤ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶም ሊጨስ ይችላል። በዚህ ሰበብ ሞተር ማስወረድ ያሳዝናል።

ፍተሻው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ ቫልቯን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ንቀሉና ጫፏን በአውራ ጣት ድፈኑ። እጃችሁን ከማራገቢያው አርቁ። ጣታችሁን ሳብ ካላደረገችው ወይ እሷ ወይ ቱቦዋ ተደፍኗል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ነቅንቋት፤ ቀጭ ቀጭ ማለት አለባት። ዝም ካለች ቀይሯት፤ ውድ አይደለችም።

ጥቁር ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ዳርቻ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ፊልትሮው ከቆሸሸማ ይብስበታል።