መላካ፦ ነፋስ ያቆመው፣ ምሽግ ያደከመው ወደብ

መላካ ሱማትራን ከማሌይ ልሳነ ምድር በሚለየው ጠባብ ሰርጥ ዳር ያለች የዛሬዋ ማሌዥያ ከተማ ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1400 ገደማ ከፓሌምባንግ የመጣው ልዑል ፓራሜስዋራ የቆረቆራት ስትሆን፣ መቶ ዓመት ሳይሞላት የቻይናን፣ የህንድንና የአረብን ነጋዴ በአንድ ገበያ አገናኘች። ሰፊ እርሻ አልነበራትም፤ ሩዟ እንኳ ከጃቫና ከሲያም (ከዛሬዋ ታይላንድ) በመርከብ ይመጣ ነበር። ሀብቷ የነፋሱ አነፋፈስና የወደቧ ሥርዓት ነው።

ከኖቬምበር እስከ ማርች ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ የቻይናን መርከቦች ያመጣል። በሜይ አካባቢ አቅጣጫው ይገለበጥና ወደ አገራቸው ይመልሳቸዋል። የህንድ መርከቦች ግን በተገላቢጦሽ በሜይ በሚጀምረው ነፋስ መጥተው ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍሰው ይመለሳሉ። ስለዚህ ነፋሱ እስኪዞር ወራት የሚጠብቅ ነጋዴ መጋዘን፣ ማደሪያና ዳኛ ያስፈልገዋል።

ለዚህ መልስ የሆኑት ሻህባንዳር የሚባሉ አራት የወደብ ሹሞች ናቸው። አንዱ ለጉጅራቶች ብቻ፣ ሁለተኛው ለሌሎች ህንዶች፣ ለቤንጋልና ለፔጉ (ዛሬ በምያንማር ያለች)፣ ሦስተኛው ለጃቫና ለቅመም ደሴቶች፣ አራተኛው ለቻይናና ለሩዩክዩ (ዛሬ የጃፓን የሆኑ ደሴቶች) ነጋዴዎች ነበሩ። መርከብ ሲደርስ ሻህባንዳሩ አለቃውን ወደ ዋናው ሹም ወደ ቤንዳሃራ ያቀርባል፣ መጋዘን ይሰጣል፣ ጭነት የሚያነሱ ዝሆኖች ያዛል። ከምዕራብ የመጣ ዕቃ ከመቶ 6 ይቀረጣል፤ ከምሥራቅ የመጣው ቀረጥ የለበትም፣ እጅ መንሻ ግን ያቀርባል። ዋጋውን የሚገምቱት አሥር ነጋዴዎች ሲሆኑ አምስቱ የደቡብ ህንድ ታሚሎች፣ አምስቱ ከሌላ ወገን ናቸው። ባዕድ ነጋዴ እንዳይበደል የታሰበበት እንዲህ ያለ አሠራር በዘመኑ ብዙ ቦታ አይገኝም።

ፖርቱጋሎች በ1509 መጥተው ከከተማዋ ገዥ ከሱልጣን ማህሙድ ጋር ተጣልተው ተመለሱ። በ1511 የፖርቱጋሎቹ የጦር አለቃ አፎንሶ ደ አልቡከርክ 18 ያህል መርከቦችና 1,200 ገደማ ወታደር ይዞ መጣ። ያነጣጠረው ወንዙን በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱንና የነጋዴውን ሰፈር የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ፣ ድልድዩን የያዘ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በጁላይ የተጀመረው ውጊያ በኦገስት አበቃ፤ ሱልጣን ማህሙድ ሸሸ። ከመስጊዶችና ከነገሥታት መቃብር በተነቀለ ድንጋይ ኤ ፋሞሳ የተባለው ምሽግ ተሠራ።

ድንጋዩ ቆመ፣ ንግዱ ግን ሸሸ። ፖርቱጋሎች መርከብ ሁሉ የይለፍ ወረቀታቸውን ገዝቶ ቀረጥ እንዲከፍል አስገደዱ፤ የምሽጉ አዛዦችም ዕቃ ከገበያ ዋጋ በታች እየገዙ ለራሳቸው ነገዱ። ስለዚህ የእስላም ነጋዴዎች በአካባቢው ወዳሉት ሌሎች ወደቦች ወደ አቼ፣ ወደ ጆሆርና ወደ ባንተን ዞሩ። አቼና ጆሆር ደግሞ ከተማዋን ደጋግመው ወጓት።

ከአዛዦቹ አንዱ ኢስቴቫዎ ዳ ጋማ ነው። በኋላ በህንድ ያሉ የፖርቱጋል ይዞታዎች ገዥ ሆኖ በ1541 ምጽዋ ድረስ መጥቶ ወንድሙን ክሪስቶቫዎን ከ400 ወታደሮች ጋር ለኢትዮጵያ የተወላት እሱ ነው። የግራኝ ጦርነት ታሪካችን ከመላካ ጋር የሚነካካው እዚህ ላይ ነው።

ሆላንዶች ከጆሆር ጋር አብረው ለወራት ከበቧት። ረሃብና በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በጃንዋሪ 1641 ያዟት። ነገር ግን ዋና ወደባቸው ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ስለነበረች መላካን የያዟት የቆርቆሮ ማዕድን ንግድን ለመቆጣጠርና ተቀናቃኝ እንዳይይዛት ነው፤ እንድታድግ አልፈለጉም።

እንግሊዞች በ1795 ተረከቧት። ለሆላንድ ተመልሳ ጠላት እንዳትጠቀምበት በማለት በ1807 ምሽጉን በባሩድ አፈረሱት፤ የሳንቲያጎ በር ብቻ ተረፈ። በ1818 ለሆላንዶች መልሰዋት ነበር፤ ከእነሱ ጋር በተደረገው በ1824ቱ ስምምነት ግን በሱማትራ ያለችውን ቤንኩለንን ሰጥተው ለዘለቄታው ወሰዷት። ያን ጊዜ ግን በ1819 የተከፈተችውና ቀረጥ የማታስከፍለው ሲንጋፖር ንግዱን እየሳበች ነበር። የመላካ ወንዝም በደለል ስለተሞላ ትላልቅ መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቅ ይጥሉ ነበር።

መላካ ያለችባት ማሌያ (በኋላ ማሌዥያ) በ1957 ነፃ ወጣች። ከፖርቱጋሎች ዘመን የተወለደው የክሪስታንግ ቋንቋ ዛሬም በጥቂቶች ይነገራል። ባሕሩ በአፈር ስለተሞላ፣ ድሮ በውኃው ዳር የነበረው የሳንቲያጎ በር አሁን በየብስ መሀል ቆሟል።