በመዋቅርና በፕላንት ዲዛይን ሶፍትዌሮች መካከል የሞዴል ልውውጥ

የነዳጅ ማጣሪያ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ ወይም የኃይል ማመንጫ ሲነደፍ አንዱ የብረት ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ ብረት) ቢያንስ ሦስት ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። የመዋቅር መሐንዲሱ በስታድ ፕሮ ወይም በሳፕ 2000 ጥንካሬውን ያሰላል። የፕላንት ዲዛይነሩ በፒዲኤምኤስ፣ በኢ3ዲ ወይም በስማርት 3ዲ ቧንቧውን በላዩ ያሳልፋል። ዲቴይለሩ ደግሞ በቴክላ ወይም በቦካድ ቀዳዳውን፣ ብሎኑንና ብየዳውን ያወጣል። የሞዴል ልውውጥ የሚባለው አንዱ የሠራውን ሌላው ከዜሮ ሳይጀምር እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው።

እኛ አገር ሲቪል የተማረ ሰው የስሌት ሶፍትዌሮቹን ሳፕንና ኢታብስን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቃቸዋል። የፕላንቱን ወገን ሶፍትዌር ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከውጭ ተቋራጭ ጋር ሲሠራ ወይም ውጭ አገር ሲቀጠር ነው። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ዳሰሳ በብረት መዋቅር ላይ ያተኩራል፤ ኮንክሪት የራሱ ጣጣ አለው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከየት መጡ

ፒዲኤምኤስ የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ፣ የብሪታኒያ መንግሥት በ1967 ባቋቋመው ካድሴንተር ነው። ድርጅቱ በ2001 ስሙን ወደ አቬቫ ቀየረ። ተፎካካሪው ኢንተርግራፍ በ1969 አሜሪካ፣ አላባማ፣ ሀንትስቪል ውስጥ ሥራ ጀመረ። መሥራቾቹ ለሳተርን ሮኬት ሲሠሩ የነበሩ የአይቢኤም ሰዎች ነበሩ። የፕላንት ሶፍትዌሮቹን ፒዲኤስን፣ ቀጥሎም ስማርት 3ዲን ያወጣው እሱ ነው፤ በ2010 ሄክሳጎን የተባለ ድርጅት ገዛው።

በመዋቅሩ በኩል ቴክላ በ1966 ፊንላንድ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ2011 ትሪምብል ገዛው። የሳፕና የኢታብስ ባለቤት ሲኤስአይ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተቋቋመ። ስታድን ቤንትሊ በ2005 ጠቀለለው። እነዚህ ድርጅቶች ለየራሳቸው ደንበኛ ነው የሠሩት። የፕላንቶቹ ደንበኛ ቧንቧው ምን እንዳይነካ ይጨነቃል። የእኛ፣ የመዋቅሩ ወገን የሚጨነቀው ሕንጻው እንዳይወድቅ ነው።

አንድ ቢም፣ ሁለት ዓይነት አያያዝ

ለስታድ ቢም ማለት ሁለት ኖድ (የመገናኛ ነጥብ) የሚያገናኝ መስመር ነው። መስመሩ በብረቱ መሃል ያልፋል። ለፒዲኤምኤስ ግን ቢም ውፍረትና ቁመት ያለው አካል ነው። ከፍታው የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ገጹ ነው፤ ቧንቧው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ።

አይፒኢ 400 የተባለውን አይ ቅርጽ ብረት እንውሰድ። ቁመቱ 400 ሚሊ ሜትር ነው። የላይኛው ገጹ 6 ሜትር ላይ ከሆነ መሃሉ 5.8 ሜትር ላይ ይውላል። ልውውጡ ይህን ልዩነት ካልያዘና 6 ሜትሩ እንደ መሃል ከተቆጠረ ቢሙ 200 ሚሊ ሜትር ሽቅብ ይወጣና ቧንቧው ውስጥ ይገባል። ነገሩን የሚያወሳስበው ብዙ መሐንዲስ ስሌቱን ለማቅለል ሲል ሆን ብሎ ኖዶቹን ሁሉ በላይኛው ገጽ ከፍታ ላይ መደርደሩ ነው። ለስሌቱ ብዙም አይጎዳም። ሞዴሉን ተቀብሎ ለሚሠራው ግን የትኛው መስመር መሃል እንደሆነ፣ የትኛው ገጽ እንደሆነ ካልተነገረው መላ የለውም።

ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) ላይም ያው ነው። 12 ሜትር የሆነ ኮለን መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ ቢም ቢታሰርበት በስሌቱ ሞዴል ብዙ ጊዜ ሦስት ቁራጭ ይሆናል። ፋብሪካ ሄዶ የሚቆረጠው ግን አንድ ብረት ነው። ሦስቱ ቁራጮች እንዳሉ ወደ ፕላንቱ ሞዴል ከገቡ የብረት ዝርዝሩ ሦስት ኮለን ይቆጥራል። ብሬሲንግም (ሰያፍ ማጠናከሪያው ብረት) በስሌት እስከ ኖዱ ድረስ ይሄዳል፤ በእውኑ ግን ጉሴት ፕሌቱ (ማያያዣው ጠፍጣፋ ብረት) ላይ ቀድሞ ይቆማል። መወጣጫው፣ የእጅ መደገፊያው፣ የወለል ፍርግርጉ ደግሞ በፕላንቱ ሞዴል ውስጥ አንድ በአንድ ተሥለው ይታያሉ፤ በስሌቱ ውስጥ ግን ክብደታቸው ብቻ ነው ያለው።

የአክሲሱ (የአቅጣጫ መስመሩ) ነገር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ስታድ ሲከፈት ሽቅብ የሚያሳየው በዋይ ነው። ሳፕ በዜድ ይሄዳል። የፕላንት ሶፍትዌሮች ምሥራቅ፣ ሰሜን፣ ሽቅብ ብለው ይሰይማሉ። ይህን አይቶ ዋይንና ዜድን ብቻ የሚያቀያይር ሰው አይጠፋም። ሁለት አክሲስ ብቻ ሲቀያየር ሞዴሉ አይዞርም፤ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ከሁለቱ የአንዱ ምልክት አብሮ ወደ ኔጌቲቭ መለወጥ አለበት። ግራና ቀኙ እኩል በሆነ የቧንቧ መደርደሪያ ላይ ስህተቱ አይታወቅም። የሚነቃው መወጣጫው በማይሆን ጎን ሲወጣ ነው።

ከሁሉ የሚያሰለቸው የብረት ስም ነው። አንዱ ኤችኢኤ 200 የሚለውን ሌላው ኤችኢ 200 ኤ ይለዋል። አሜሪካኖቹ በኢንችና በፓውንድ ደብሊው 12×26 የሚሉት ብረት በሜትሪክ ደብሊው 310×38.7 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልውውጥ ከጀርባው ስምን ከስም የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አለው። ኮምፒውተሩ ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር አንድ ትርፍ ስፔስ እንኳን ብረቱን "የማይታወቅ" ያሰኘዋል። ከዚያ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት ወይ ቢሙ ይዘለላል፣ ወይ ሌላ ብረት ይተካበታል። መዘለሉ ይሻላል፤ ቢያንስ ክፍተቱ ይታያል።

ኤስዲኤንኤፍ

ስቲል ዲቴይሊንግ ኒውትራል ፋይል፣ ባጭሩ ኤስዲኤንኤፍ፣ ከኢንተርግራፍ ሰፈር የወጣ የጽሑፍ ፋይል ነው። ዛሬም ቴክላ፣ ፒዲኤምኤስ፣ ስማርት 3ዲና ሳፕ 2000 ያውቁታል። በሥራ ላይ ያሉት ስሪቶቹ 2.0 እና 3.0 ናቸው።

ፋይሉ በፓኬት ይከፋፈላል። ፓኬት 00 መግቢያው ነው፤ የድርጅቱን ስም፣ ደንበኛውን፣ የፕሮጀክቱን መለያ፣ ቀንና ሰዓቱን ይይዛል። ፓኬት 10 የቀጥታ ብረቶች ቦታ ነው፤ ኮለን፣ ቢም፣ ብሬሲንግ እዚህ ይገባሉ። ፓኬት 20 ፕሌቶችን ይይዛል። ፓኬት 10 ውስጥ እያንዳንዱ ብረት ጥቂት መስመር አለው። መለያ ቁጥሩ ይቀድማል፤ ከዚያ ካርዲናል ፖይንቱ፣ ዓይነቱ፣ የብረቱ ስም፣ የብረቱ የጥራት ደረጃ፣ የዞረበት ማዕዘን፣ ከዚያ የመነሻውና የመድረሻው ነጥብ ይከተላሉ። በሁለቱም ጫፍ ምን ያህል እንደተቀነሰም ይጻፋል።

ካርዲናል ፖይንት የሚባለው ከላይ ያየነውን የመሃልና የገጽ ጣጣ የሚፈታው ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 10 ይሄዳል። 2 ቁጥር የታችኛው ገጽ መሃል፣ 5 ቁጥር የብረቱ መሃል፣ 8 ቁጥር የላይኛው ገጽ መሃል ነው። 10 ቁጥር የክብደት ማዕከሉ ነው። ሁለት ወገኑ እኩል በሆነ ብረት 5 እና 10 አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። አንግልና ቻናል (ኤልና ሲ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች) ላይ ግን ይለያያሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ኤስዲኤንኤፍ ብሎን አያውቅም፣ ብየዳ አያውቅም። ዕድሜውም ገፍቷል። ቢሆንም በኖትፓድ ተከፍቶ ይነበባል። 200 ሚሊ ሜትር የጠፋው የት እንደሆነ በዓይን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ከእሱ በኋላ ከመጡት ውስጥ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የለም።

ሲአይኤስ/2

የብረት መዋቅር ሰዎች ከማንም ቀድመው ለራሳቸው የተሟላ የልውውጥ ደረጃ (ስታንዳርድ) አውጥተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታሪኩ የሚጀምረው በ1987 ነው። በአውሮፓ የዩሬካ መርሐ ግብር ሥር ሲምስቲል የተባለ ፕሮጀክት በመለያ ቁጥር 130 ተጀመረ። ዓላማው የብረት ግንባታን ከስሌት እስከ ፋብሪካ በኮምፒውተር ማያያዝ ነበር። ዋናውን ቴክኒካዊ ሥራ የሠሩት እንግሊዝ አገር የሚገኙት የሊድስ ዩኒቨርሲቲና የብረት ግንባታ ኢንስቲትዩት ናቸው። የመጀመሪያው ስሪት በ1995 ወጣ። ሁለተኛው፣ ሲአይኤስ/2 የሚባለው፣ ሰነዱ በ2000 ታተመ። ጸሐፊዎቹ የሊድሶቹ አንድሩ ክራውሊና አላስቴር ዋትሰን ነበሩ።

መሠረቱ ስቴፕ በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የምርት መረጃ ልውውጥ ደረጃ፣ አይኤስኦ 10303፣ ነው። ትልቁ ብልሃቱ አንዱን ብረት በሦስት ሞዴል መያዙ ነው፤ የስሌት ሞዴል፣ የዲዛይን ሞዴልና የማምረቻ ሞዴል። ሦስቱ ይተሳሰራሉ። ቅድም ያልነው ባለ 12 ሜትር ኮለን በስሌቱ ሦስት ቁራጭ፣ በዲዛይኑ አንድ ኮለን ሆኖ በአንድ ፋይል ውስጥ መኖር ይችላል። ችግሩን የተረዱ ሰዎች እንደሠሩት ያስታውቃል።

አሜሪካ ውስጥ የብረት ግንባታ ኢንስቲትዩቱ፣ ኤአይኤስሲ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የኢንዱስትሪው የልውውጥ ቅርጽ አድርጎ ተቀበለው። የጆርጂያ ቴክ ፕሮፌሰር ቻርልስ ኢስትማን ሶፍትዌር ድርጅቶቹ እንዲተገብሩት በማስተባበር ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ኒስት በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የሲአይኤስ/2 ፋይልን በባለ ሦስት አውታር ምስል የሚያሳይ መተርጎሚያ አወጣ። በኋላም ወደ አይኤፍሲ፣ ወደ ሕንጻ ሰዎች የልውውጥ ቅርጽ፣ የሚቀይር ጨመረበት።

ያው ኒስት በ2004 ያሳተመው ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። በአሜሪካ የግንባታ ዘርፍ ሶፍትዌሮች ባለመግባባታቸው በ2002 ብቻ 15.8 ቢሊዮን ዶላር እንደባከነ ይገምታል። 10.6 ቢሊዮኑ የወደቀው ሕንጻውንና ፋብሪካውን በያዙትና በሚያስተዳድሩት ላይ ነው። ግምት ነው፤ በዘርፉ ላሉ ሰዎች ግን ብዙም የሚያስገርም አልሆነም።

ታዲያ ለምን ደበዘዘ? በዚህ ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች ሰነዱ ከመጠን በላይ ሰፊ ነበር ይላሉ። ሌሎች ሁሉን ያቀፈው አይኤፍሲ ሲመጣ ለብረት ብቻ የቆመ ደረጃ ዕድል አልነበረውም ባይ ናቸው። በእኛ እይታ ዋናው ምክንያት አተገባበሩ ነው። የስሌት ሶፍትዌሩ የስሌቱን ሞዴል ብቻ ይጽፋል። ዲቴይሊንጉ የዲዛይንና የማምረቻውን ብቻ ያነባል። ሁለቱም "ሲአይኤስ/2 እንደግፋለን" ይላሉ፤ ፋይሉ ግን ሲከፈት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱ የደረጃው አልነበረም።

አይኤፍሲ እና ሌሎች

አይኤፍሲ ከሕንጻ ሰዎች የመጣ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀምሮ አሁን ቢልዲንግስማርት በተባለ ድርጅት ሥር ነው። በሰፊው የተሠራጨው 2ኤክስ3 የተባለው ስሪት ነው፤ አይኤፍሲ 4 በ2013 አይኤስኦ 16739 ሆኖ ጸደቀ። ለስሌት ሞዴል የሚሆን ክፍል አለው። ነገር ግን አብዛኛው ሶፍትዌር ማረጋገጫ ያገኘበት የማስተባበሪያ ቅርጽ ያንን ክፍል አያካትትም። በተግባር አይኤፍሲ የሚያሻግረው ቁመናውን ነው። ከኤስዲኤንኤፍ የሚበልጠው እያንዳንዱ ብረት ባለ 22 ፊደል ቋሚ መለያ ስለሚይዝ ነው። ላኪው ሶፍትዌር መለያውን ከጠበቀ ባለፈው ሳምንትና በዚህ ሳምንት ሞዴል መካከል የተቀየረውን መለየት ይቻላል።

ለፕላንት ዕድሜ ልክ መረጃ የተዘጋጀ አይኤስኦ 15926 የሚባልም አለ።

ሶፍትዌር ሻጮቹ በበኩላቸው ደረጃ ከመጠበቅ መገዛዛቱን መርጠዋል። አቬቫ ቦካድን በ2012 ገዛ። ቤንትሊ ስታድን ከቧንቧ ስሌት ሶፍትዌሩ ከአውቶፓይፕ ጋር አገናኘ። በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሶፍትዌሮች መግባባታቸው ጥሩ ነው። ደንበኛው ከሌላ ቤት የገዛ ዕለት ግን ችግሩ እንደነበረ ነው።

ጭነቱስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ብረቱ ቅርጽ ነው። ከፕላንቱ ወገን ወደ መዋቅሩ መሐንዲስ የሚመጣው ዋናው ነገር ግን ቧንቧው የሚጥለው ኃይል ነው። ይህን የሚያሰላው ብዙ ጊዜ ሲዛር 2 የተባለው የቧንቧ ስሌት ሶፍትዌር ነው። ሙቀት ቧንቧውን ሲያስረዝመው ድጋፉን ወደ ጎን ይገፋል፤ ኃይሉ በሥራ፣ በፍተሻና በባዶ ሁኔታ ይለያያል። ይህ ሁሉ ዛሬም በአብዛኛው በኤክሴል ነው የሚተላለፈው። የድጋፍ ቁጥር፣ ሦስት ኃይል፣ ሦስት ሞመንት (የማዞር ጉልበት)፣ የጭነት ሁኔታ። ከዚያ አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ቁጥሮቹን ወደ ስታድ ያስገባል። እዚህም የአክሲሱ ነገር ይመለሳል፤ ሲዛርም ካልተነገረው ሽቅብ የሚያሳየው በዋይ ነው።

ጠንከር ያሉ ቢሮዎች የስታድን፣ የሳፕንና የቴክላን የፕሮግራም በር (ኤፒአይ) ተጠቅመው የራሳቸውን ማሻገሪያ ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ ከተገዛው ይሻላል፤ የጻፈው ልጅ ሥራ ሲለቅ ግን የሚያስተካክለው ይጠፋል።

ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በትንሽ ሞዴል መሞከር የተለመደ ነው። ጥሩ የሙከራ ሞዴል ሆን ተብሎ የተንሻፈፈ ነው። ኤል ቅርጽ ያለው ፍሬም፣ 90 ዲግሪ የዞረ ኮለን፣ አግድም ሳይሆን ተዳፋት የሆነ ቢም፣ አንድ ቻናል፣ አንድ አንግል፣ አንድ ብሬሲንግ፣ በስም ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ አንድ ብረት ይኑርበት። ሄዶ ሲመለስ የብረቶቹ ብዛት፣ ጠቅላላ ክብደቱና የአራት የጥግ ነጥቦች አቀማመጥ ከመነሻው ጋር ይመሳከራል። በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው ብረት ምን እንደሆነ ለብቻው ይታያል፤ ተዘሎ ከሆነ ክብደቱ ያስታውቃል፣ ተተክቶ ከሆነ ግን ስሙን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።